ማከማቻው ክፍት፣ ዝርዝሩ ዝግ

«ኢንዴክስ ኦፍ» የሚል ርዕስ የያዘ፣ ጌጥ የሚባል ነገር በአጠገቡ ያላለፈ ነጭ ገጽ ገጥሟችሁ ያውቃል? ከላይ ርዕሱ፣ ከሥሩ በሰማያዊ የተጻፉ የፋይል ስሞች፣ በስተቀኝ ፋይሉ የተቀመጠበት ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ ቀጥሎ መጠኑ። አናት ላይ ደግሞ ወደ ላይኛው ፎልደር የምትመልስ አንዲት መውጫ። አለቀ። ማስታወቂያ የለም፣ «ይመዝገቡ» የለም፣ ብቅ እያለ ዓይን የሚወጋ መስኮት የለም። ብዙ ሰው ሲያየው ገጹ የተበላሸ ይመስለውና ደንግጦ ይዘጋዋል። እኛ ግን (የኮምፒውተር ሰዎች ባንሆንም) ለዚህ ገጽ ትንሽ ፍቅር አለን። ፕሮግራም ልናወርድ ገብተን እንዲህ ያለው ሲመጣልን፣ ባለሱቁ «ግቡና ራሳችሁ ምረጡ» ያለን ያህል ደስ ይለናል።

አሁን አሁን ይህ ገጽ በብዙ ቦታ እየጠፋ ነው። በቦታው «ፎርቢደን» የምትል ቃል ትጠብቃችኋለች። ልብ በሉ፣ ፋይሉ እዚያው ነው። ሙሉ ስሙን ከነአድራሻው የጻፈ ሰው ያለ ምንም ጥያቄ ያወርደዋል። የተከለከለው መውሰድ አይደለም፣ ማየት ነው። ነገሩ ባንኮኒው ላይ መጋረጃ እንደ ጋረደ ሱቅ ነው፦ የዕቃውን ስም ከጠራችሁ ይሰጣችኋል፣ «ምን ምን አላችሁ?» ካላችሁ ግን መልስ የለም። ስሙን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሱቅ ከተዘጋ ሱቅ በምን ይለያል?

እስቲ ማን ከፍቶት፣ ማን እንደዘጋው ከሥሩ እንመልከት። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰርቨሮቹ ራሳቸው ቀኑን የሚጽፉት በዚያ ነውና አትቀየሙን።)

ታሪኩ ከዌብ ይቀድማል። በ1971 አቤይ ቡሻን የሚባል፣ ከህንድ ለትምህርት ሄዶ ኤምአይቲ የነበረ ወጣት፣ ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ደንብ ረቂቅ ጻፈ። ኤፍቲፒ የምንለው እሱ ነው። ደንቡ ብዙ ጊዜ ከተከለሰ በኋላ በ1985 ጆን ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ ለረጅም ዘመን ያገለገለውን መልክ ሰጡት። በዚያ ሰነድ ውስጥ «ስጠኝ» እና «ተቀበለኝ» ከሚሉት ትእዛዞች ጎን «ዘርዝርልኝ» የሚል አለ። ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ማየት ከመውሰድ እኩል የደንቡ አካል ሆኖ ነው የተወለደው።

ከዚያ የእንግዳ መግቢያ የሚባለው ልማድ መጣ። ሰርቨሩ ስማችሁን ሲጠይቅ «አኖኒመስ» ትላላችሁ፣ ማለትም ስም የለሽ። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የኢሜይል አድራሻችሁን ትሰጣላችሁ። ማንም አያጣራውም፣ ለጨዋነት ነው። ከገባችሁ በኋላ ፎልደር ለፎልደር እየዞራችሁ ታያላችሁ። የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነፃ ሶፍትዌር የተሰራጨው አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ ሰርቨሮቹ ሲበዙ መጣ። የትኛው ፋይል የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ ማን ያውቃል? በ1990 ሞንትሪያል ውስጥ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የባርቤዶሱ ልጅ አለን ኤምቴጅ፣ ከፒተር ዶይችና ከቢል ሂላን ጋር ሆኖ «አርቺ» የሚባለውን አገልግሎት ለሕዝብ አቀረበ። አርቺ ያደርግ የነበረው ቀላል ነገር ነው። በየሰርቨሩ እየዞረ «ዘርዝርልኝ» ይላል፣ ዝርዝሩን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ያከማቻል፣ ጠያቂ ሲመጣ ስሙን ፈልጎ «እዚያ ቦታ አለልህ» ይላል። ብዙዎች የመጀመሪያው የኢንተርኔት ፍለጋ መሣሪያ ይሉታል። ጉግል ከመፈጠሩ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እናም ይህ የፍለጋ አያት የፋይሎቹን ይዘት አንድም ቀን አላነበበም። የኖረው ሰርቨሮቹ ዝርዝራቸውን ስላልደበቁ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። «ይኼ ሁሉ የፈረንጅ ሰርቨር እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ መልሳችን አጭር ነው። ፊደላችን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበረ።

ቴክ የሚባለውን የሒሳብና የሳይንስ ጽሑፍ ማዘጋጃ የሚያውቅ ሰው ሲታን የተባለውን ማከማቻ ያውቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ግሪንዌድ፣ ራይነር ሾፕፍና ሰባስቲያን ራትስን የመሳሰሉ ሰዎች፣ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ የተበታተኑትን የቴክ ፋይሎች አንድ ዓይነት የፎልደር አሠራር አስይዘው፣ በ1993 እንግሊዝ ውስጥ አስተን ላይ በተደረገ ጉባኤ ለተጠቃሚው አስተዋወቁት። ፎልደሮቹ በዓይነት የተለዩ ናቸው፦ ፎንቱ ለብቻ፣ ማክሮው ለብቻ፣ ቋንቋው ለብቻ። «ላንጉዌጅ» የሚለውን ፎልደር ስትከፍቱ የቋንቋና የአገር ስሞች በፊደል ተራ ይደረደራሉ። በኢ ቤት «ኢትዮጵያ» ትላለች። እሷን ስትከፍቱ ደግሞ «ኢትዮፕ» የሚል ፓኬጅ ታገኛላችሁ። የሠሩት ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ብርሃኑ በየነና ፕሮፌሰር ማንፍሬድ ኩድሌክ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ነው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ጽሑፍ፣ ከነሒሳቡና ከነግርጌ ማስታወሻው በሥርዓት እንዲታተም ያደርጋል። እነሱ የሳሉት ፊደል በኋላ የጂኤንዩ ነፃ ፎንቶች ውስጥም ገብቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ኮድ ነበር የሚያስቀምጠው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የሚመጣውን ጉድ የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ጠይቁ! ፊደል በላቲን የሚጻፍበትን ሴራ የተባለ ስምምነት እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ለዚህ ነበር፤ በኢሜይልና በፕሮግራም መካከል መግባቢያ እንዲሆን። እንግዲህ በዚያ ጊዜ የነበረ ተማሪ «የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም» ብሎ በምን ፊደል ይፈልግ? መፈለጊያ ሳጥኑ ፊደሉን አያውቀውም። በላቲን ልጻፈው ቢል «ኢትዮፒክ» ይበለው፣ «አምሃሪክ» ይበለው፣ «ፊደል» ይበለው በምን ያውቃል? ስሙን የማያውቀውን ነገር ማግኘት የሚችለው መደርደሪያውን በማየት ብቻ ነበር። ቋንቋ የሚለውን ከፍቶ፣ ወርዶ ወርዶ፣ የአገሩን ስም ሲያይ ቆመ። ዝርዝር ማለት ለእኛ ይህ ነው።

ሲታንን አይቶ በ1995 የተከፈተው የፐርል ቋንቋ ማከማቻ፣ ሲፓን፣ ተመሳሳይ ነው። እዚያ የደራሲው ስም ራሱ ፎልደር ነው፦ መጀመሪያ በአንድ ፊደል፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ ሙሉው። የዳንኤል ያዕቆብን ፎልደር የከፈተ ሰው የግዕዝ ቁጥር የሚቀይር፣ የአማርኛ ቃል በድምፁ የሚያመሳስል፣ በፊደላችን ቤቶች የሚፈልግ ፕሮግራም ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኛል። አንዱን ልትወስዱ ገብታችሁ ሦስት እንዳለ የምታውቁት ዝርዝሩ ክፍት ስለሆነ ነው።

የመጠኗ ዓምድ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በዋነኛነት አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በፓዲስ በኩል ያልፍ የነበረው የፊዶኔት ኢሜይል ነበር፤ ደብዳቤው ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ይላካል፣ መልሱም እንዲሁ ተጠራቅሞ ይመጣል። እንዲህ ኢሜይል ብቻ ላላቸው የዓለም ክፍሎች «ኤፍቲፒሜይል» የሚባል ዘዴ ነበረ። ለአንድ ኮምፒውተር በደብዳቤ «የእንትን ሰርቨርን ዝርዝር ላክልኝ» ትላላችሁ፣ ዝርዝሩ በደብዳቤ ይመጣል፣ አንብባችሁ መጠኑን አይታችሁ «እንግዲያው ይኼኛውን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ፋይሉ ተቆራርጦ በብዙ ደብዳቤ ይመጣል። ዝርዝር የሌለበት ኤፍቲፒሜይል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። ግን ሙሉ በሙሉ አልፏል ብሎ የሚምል ሰው ኦቾሎን አላያትም። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል እያየች ቋጥኝ ላይ የተቀመጠች የጋሞ መንደር ናት። ለዘመድ ጥየቃ በወጣን ቁጥር ኔትወርክ የሚይዝበትን ድንጋይ የሚያሳየን ሕፃን አይጠፋም። (ድንጋዩ በየዓመቱ ቦታ የሚቀይር ይመስለናል።) እዚያ ሆናችሁ አንድ ፓኬጅ ለማውረድ ስትሞክሩ መጀመሪያ የምትፈልጉት ነገር ምንድን ነው? ስንት ሜጋባይት ነው? አነስ ያለ እትም አለው? ትናንት ግማሽ ላይ የተቋረጠው ከዛሬው ጋር አንድ ነው ወይስ ተቀይሯል? ሦስቱንም የምትመልሰው ያቺው ጌጥ የሌላት ገጽ ናት፦ ስም፣ ቀን፣ መጠን። «አሁኑኑ ያውርዱ» የምትለው ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ከሦስቱ አንዱንም አትነግራችሁም፤ ካርዳችሁ ሲያልቅ ግን ታውቁታላችሁ።

አርባ ምንጭ ከተማ ስንወርድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በ1986 ተከፍቶ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም ያላት ከተማ ናት፤ ተማሪ ሞልቷል። ተማሪ ባለበት ደግሞ ሌሊት መስመሩ ሲቀል የሚያወርድ አንድ ልጅ አይጠፋም፣ በማግስቱ ፍላሹ ዶርም ለዶርም ይዞራል። ይህ የእኛ አገር ሚረር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ሚረር ማለት የአንድ ማከማቻ ሙሉ ቅጂ በሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ቅርብ ያለው ሰው ከቅርቡ እንዲወስድ ማለት ነው። ሙሉ ቅጂ ለመውሰድ ግን ምን ምን እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። ዝርዝሩን የዘጋ ማከማቻ በተዘዋዋሪ «ከእኔ በቀር ከማንም አትውሰዱ» እያለ ነው። በሰኔ 2020 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ የሚሠራ ፕሮግራም የነበረው ቀድሞ የቀዳ ሰው ነው።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ተዘጋ? ዘጊዎቹን ሁሉ ክፉ አድርገን መሳል አንፈልግም። በቂ ምክንያት የነበራቸው አሉ።

የመጀመሪያው ምክንያት የመጣው ከሌቦች ነው። የድሮዎቹ ሰርቨሮች «ኢንካሚንግ» የሚባል ፎልደር ነበራቸው፤ ፕሮግራም የጻፈ ማንም ሰው ሥራውን እዚያ እንዲያስቀምጥ። የተሰረቀ ሶፍትዌር የሚነግዱ ሰዎች ይህን አዩና ዕቃቸውን በሰው ጓሮ ማራገፍ ጀመሩ። አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ዓለም ከዚያ ያወርዳል፣ ባለ ሰርቨሩ የመስመሩን ዕዳ ይከፍላል። ፎልደሮቹን በነጥብና በባዶ ቦታ ብቻ ይሰይሟቸው ስለነበር ባለቤቱ ዝርዝሩን ቢያይም ዓይኑ ይዘላቸዋል። በሐምሌ 1993 ሰርት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ቡድን ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

መፍትሔው በጣም ብልህ ነበር። በዩኒክስ ዓለም ፎልደርን ማንበብና በፎልደር ማለፍ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ማንበብን ከልክላችሁ ማለፍን ከፈቀዳችሁ፣ ስሙን የሚያውቅ ይደርስበታል፣ የማያውቅ ግን ምን እንዳለ አያይም። መጻፍን ጨምራችሁ ማንበብን ከነሣችሁ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ይሆናል፤ ሁሉም ይጨምራል፣ ማንም አጎንብሶ አይቆጥርም። ባለቤቱ ሲመቸው ከፍቶ ይመረምርና ደህናውን ወደ ሕዝቡ መደርደሪያ ያወጣዋል። ይህ ከዝርዝር ክልከላዎች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው፣ እስከ ዛሬም ትክክል ነው። ግን የተዘጋው ያልተመረመረው ጓዳ እንደነበር አትርሱ። ሳሎኑ ክፍት ነበር።

ከዚያ ዌብ መጣ። በ1995 የወጣው አፓቼ የተባለው የዌብ ሰርቨር ለፎልደሩ የተዘጋጀ መነሻ ገጽ ካላገኘ ዝርዝሩን ራሱ ጽፎ ማሳየት ይችላል። ያ ነጭ ገጽ የተስፋፋው በእሱ ነው። ጣጣው፣ በዌብ ሰርቨር ላይ የሚቀመጠው ለማደል የታሰበ ነገር ብቻ አለመሆኑ ነው። የድርጅቱ የድሮ ዳታቤዝ ቅጂ፣ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል፣ የደሞዝ ዝርዝር፣ ማንም አያየውም ተብሎ የተወረወረ ሁሉ እዚያ ተገኘ። ጆኒ ሎንግ የተባለ አሜሪካዊ ጉግል ላይ «ኢንዴክስ ኦፍ» ብሎ በመፈለግ ብቻ ስንት ነገር እንደሚገኝ ሰብስቦ በ2004 መጽሐፍ አሳተመበት። በዚያው ዓመት ለሕዝብ የወጣው የሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ ሰርቨር፣ ኢንጂንኤክስ፣ ዝርዝር ማሳየትን ከመነሻው አጥፍቶ ነው የመጣው፤ የፈለገ ያብራ። ከዚያ ወዲህ «ዳይሬክተሪ ሊስቲንግ ተገኝቷል» የምትለው ዓረፍተ ነገር በደኅንነት ፍተሻ ሪፖርቶች ሁሉ የማትቀር ሆነች።

የእኛ ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለመሥሪያ ቤት ሰርቨር የወጣው ደንብ ሳይታሰብበት ለማደያ ሰርቨርም ተገለበጠ። የደሞዝ ዝርዝር ያለበት ቤት መጋረጃ ያስፈልገዋል፣ ማን ይከራከራል? ነገር ግን እያንዳንዱ ፋይል «ውሰዱኝ» ተብሎ የተቀመጠበት ማከማቻ ከማን ነው የሚደበቀው? የፍተሻው ባለሙያ ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ አስተዳዳሪው አንዲት መስመር ይጽፋል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ደኅንነት የተጨመረ ይመስላል።

ተጨምሯል ወይ? በሐምሌ 2002 መጨረሻ የኦፕንቢኤስዲ ማከፋፈያ ሰርቨር ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ የኦፕንኤስኤስኤችን ፓኬጅ በተመረዘ ቅጂ ተካው። አስቡት፣ ራሱ የደኅንነት መሣሪያ! የተያዘው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ነው። የፍሪቢኤስዲ ተጠቃሚዎች ያወረዱት ፋይል ቀድሞ ከተመዘገበው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር አልገጥም አላቸው። በመጋቢት 2003 ደግሞ የጂኤንዩ ዋና የኤፍቲፒ ሰርቨር ተሰብሮ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ማንም ሳያውቅ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ትልቁ ሥራ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማመሳከር ነበር። በሁለቱም ሌባው የገባው በዝርዝሩ በኩል አይደለም። በሁለቱም ያዳነው ቁጥርና ፊርማ ነው። ዴቢያን በ2007 አራተኛውን ትልቅ እትሙን ሲያወጣ ፓኬጆቹ በፊርማ የሚረጋገጡበትን አሠራር ይዞ ወጣ፤ ዝርዝሩን አልደበቀም።

ሌላ ምክንያትም አለ፣ ይኼኛው ያስቀናል። አዲስ እትም ከመታወጁ በፊት ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ይወጣል፣ ምክንያቱም ሚረሮች ቀድመው መቅዳት አለባቸው። በጥቅምት 2006 ፋየርፎክስ 2 ሊወጣ ሲል ይህ ሆነ፤ ዝርዝሩን የሚያደቡት ሰዎች አይተው ከይፋዊው ቀን በፊት ወሬውን በተኑት፣ ሠርጉ ሳይጀመር ድስት ተከፈተ። እንዲህ ላለው አዲሱን ፎልደር ብቻ ለሁለት ቀን መጋረድ ይበቃል።

«ክፍት ከሆነ ሥርዓት የለውም» የሚለው አስተሳሰብ ግን ከኮምፒውተር የሰፋ ይመስለናል፤ ለዚህ ነው ኦቾሎን እንደገና የምናነሳት። ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ሰው ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኦቾሎ ተቀምጦ ያጠናው የመንደሩን ጉባኤዎች ነበር። በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ «የፖለቲካ ቦታ» እንደማለት ነው። በጋሞ ባህል ጉዳይ የሚሰማው በዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ግድግዳም ጣሪያም የለውም። ያም ሆኖ ማን እንደሚከፍት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ተነስቶ እንደሚናገር ወግ አለው፤ ሀላቃው ሥርዓቱን ይጠብቃል። ሁሉ ነገር ይታያል፣ ሁሉ ነገር ግን እንደ ልብ አይነካም። ማየትንና መንካትን ለይቶ መፍቀድ ማለት ይህ ነው፣ የዩኒክስ ሰዎች ፈቃድ ቁጥር ከመስጠታቸው በፊት።

ዱቡሻን ግን ከሚገባው በላይ አናሞግስም። በቀድሞው ሥርዓት ሸክላ የሚሠሩት ማናዎች፣ ቆዳ የሚያለፉት ደጋላዎችና እኛ ሴቶች በዚያ ቦታ ላይ የመናገር መብት አልነበረንም። ግድግዳ የሌለው ቦታም አጥር አለው። አጥሩ በደንቡ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከውጭ አይታይም። «ስሙን የሚያውቅ ይውሰድ» የሚለው የሰርቨር ደንብ እንደዚያ ነው፤ ማንንም አልከለከለም፣ ስሙን ግን ማን ያውቃል? አማካሪ ያለው፣ እንግሊዝኛው የቀናው፣ ሲሊከን ቫሊ ወንድም ያለው።

ያለፉት ዓመታት ነገሩን አክብደውታል። ዴቢያንም ሆነ የሊኑክስ ከርነል ማከማቻ በ2017 የኤፍቲፒ በራቸውን ዘጉ፤ ፋይሎቹም ዝርዝሮቹም በዌብ በኩል ስላሉ ብዙ አልተጎዳንም። በ2021 ፋየርፎክስና ክሮም ኤፍቲፒን ከብራውዘራቸው አወጡት፤ በዚያ በር ብቻ የቀሩ የድሮ ማከማቻዎች ለተራ ሰው እንደጠፉ ናቸው። በታኅሣሥ 2020 የፓይተን ፓኬጅ ማከማቻ፣ ፓይፒአይ፣ ከትእዛዝ መስመር የሚደረገውን ፍለጋ ጫናውን መቋቋም አቅቶት አጠፋው። የሁሉም ፓኬጆች ስም የተጻፈበትን ቀላል ዝርዝር ግን አቆየ። በ2025 ደግሞ የሰው ሠራሽ አእምሮ ድርጅቶች ሮቦቶች የነፃ ሶፍትዌር ሰርቨሮችን እያንዳንዷን ገጽ ሳይቀር ሲግጡ፣ ትንንሾቹ ማከማቻዎች ወደቁ። «አኑቢስ» የሚባል በረኛ በየቦታው የቆመው ያኔ ነው፤ ብራውዘራችሁ አንድ ስሌት ሠርቶ ካላሳየ አያሳልፍም። የጂኖም ፕሮጀክትና የከርነሉ ሰዎች ሳይቀሩ አቁመውታል። አዲስ ስልክ ላይ የሁለት ሰከንድ ነገር ነው። በወደቀ ዋጋ የተገዛ አሮጌ ስልክ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

ባለ ሰርቨሮቹን እንረዳቸዋለን። ዝርዝር ማዘጋጀት ዋጋ አለው፤ ሚሊዮን ጊዜ ሲጠየቅ ደግሞ ዕዳ ነው። ግን መፍትሔው የቆየ ነው። ድሮ ትልልቆቹ የኤፍቲፒ ማከማቻዎች የሁሉንም ፎልደሮች ዝርዝር በቀን አንዴ በአንድ ፋይል ጽፈው ዋናው በር ላይ ያስቀምጡት ነበር። መጽሐፉን በራሳችሁ እጅ የማታነሱበት ቤተ መጻሕፍት እንኳ ካርድ ካታሎጉን ደጅ ያኖራል። አንድ ጽሑፍ፣ ስም፣ መጠንና ቀን፣ ከጎኑ ማረጋገጫ ቁጥሩ። ሮቦቱም እሱን ወስዶ ይሄዳል፣ ሚረር የሚያቆመውም እሱን ይዞ ይጀምራል፣ ድንጋይ ላይ የቆመውም ሰው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ አውርዶ ማታውን ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

በየዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ የፓኬጅ ቅጂ የምታስቀምጡ ወንድሞችና እህቶች ይህን እያነበባችሁ እንደሆነ እናውቃለን። «ኢንዴክስ» የሚለውን ቃል ከማጥፋታችሁ በፊት ፎልደሩን አንዴ ተመልከቱት። ሊታይ የማይገባው ነገር ካለ አውጡትና ሌላ ቦታ አኑሩት፣ እዚያ ቁልፉን አጥብቁ። የቀረው ሁሉ ሰው እንዲወስደው ያስቀመጣችሁት ከሆነ፣ ያቺን ነጭ ገጽ ተዉልን።